ጭንቅላት ሳይኖር የሚመታ ልብ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት እየሄዱ በሚያስተምሩበት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሆሳዕና መጥቼ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ተማሪዎቼን "ልብ የሚመታው አንጎል ሲያዝዘው ነው" አልኳቸው። ከሾኔ የመጣች የሥጋ ሻጭ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ አባቴ በግ አርዶ ልቡን ሲያወጣው እጁ ላይ ትንሽ ይመታል። ጭንቅላቱ እኮ ተቆርጧል።"

"ታዲያ ማን አዘዘው፣ አባትሽ?" አላት አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም "ተቀመጪ" አልኳት። አቀርቅራ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም።

ቤት ገብቼ የዩኒቨርሲቲ ደብተሬን ገለጥኩ። በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ያለች አንዲት ትንሽ ስፍራ ራሷ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ያ ኤሌክትሪክ በጡንቻው ሲያልፍ ልብ ይኮማተራል። አንጎል ምቱን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል እንጂ አያስጀምረውም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተስቆብኝ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብዬ ነበር፤ ልጅቷም እንደ እኔ እንዳትሆን ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብቼ "ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያም ወደ ልጅቷ ሄጄ የበጉን ነገር እንደገና እንድትነግረን ለመንኳት።