ኃላፊው መብራት ያመነጩበት ቀን

በኢሕአዴግ ዘመን፣ ሾኔ አጠገብ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳስተምር የገጠመኝ ነው። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ የውጭ ድርጅት ልጆች ሲጫወቱበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መጫወቻ ግቢያችን ውስጥ አቆመልን። ልጆች ተቀምጠውበት የሚሽከረከር ክብ ብረት ነው። ሲዞር ባትሪ ይሞላል፤ ባትሪው ሁለት ክፍል ያበራል። መብራት ስላልነበረን ደመና በጠቆረ ቁጥር ሰሌዳው አይታይም። "በደንብ ከሠራ ለሌሎቹም ክፍሎች እንጨምራለን፤ ካልሠራ ነቅለን ለሌላ ትምህርት ቤት እንሰጠዋለን" ብለውናል።

ዳይሬክተራችን ግን "ሳይመረቅ ማንም እንዳይነካው፤ ቀለሙ ይላጣል" ብለው ዙሪያውን በሽቦ አሳጠሩት።

"ጋሼ፣ ልጆቹ ካልተጫወቱበት እኮ ባትሪው አይሞላም" አልኳቸው።

"እሱ ከምርቃቱ በኋላ ይደርሳል።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቹ ሽቦውን ይዘው ሲያዩት ሰነበቱ። የምርቃቱ ዕለት ደግሞ "እንግዳ ይረብሻሉ" ተብለው ወደየቤታቸው ተላኩ።

ከሆሳዕና የመጡት የዞኑ ትምህርት ኃላፊ ረጅም ንግግር አድርገው ማብሪያውን ተጫኑ። ምንም የለም። ደግመው ተጫኑ። የድርጅቱ ተወካይ ማስታወሻዋን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ዳይሬክተሩ ምንም እንደማያውቅ ሰው ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ምን ሆነ?"

"መጫወት... ያስፈልጋል" አልኩ።

"ማን ይጫወት?" አሉ ኃላፊው።

ልጆቹ እንደሆኑ ቤታቸው ናቸው። በመጨረሻ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ከድር ከዘራቸውን ለሰው ሰጥተው ብረቱ ላይ ወጡ። "ኑ እንጂ! መብራት አልፈለጋችሁም?"

ኃላፊው ኮታቸውን አውልቀው አጠገባቸው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩም የግዳቸውን ወጡ። እኔና የጥበቃው ሠራተኛ እየሮጥን ገፋን።

"ቀስ፣ መምህር፣ ቀስ በል!" ይላሉ ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው።

"አትስማው! ግፋ!" ይላሉ ሐጂ።

ከክፍል ውስጥ አንዲት መምህርት "በራ!" ብላ ጮኸች። ተጨበጨበ። እኛም ቆምን። "ጠፋ! አትቁሙ!" አለች ወዲያው። እንደገና ገፋን።

ኃላፊው ሲወርዱ ቀጥ ብለው መሄድ አልቻሉም፤ የባንዲራውን እንጨት አቅፈው ቆሙ። ትንፋሻቸው ሲመለስ "ልጆቹን ጥሩ፤ ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም" አሉ። ሽቦው በዚያው ሰዓት ተነሣ። መጫወቻውም ሳይነቀል ቀረልን።

አሁን ሳስበው መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ቀጥሎ አፍራለሁ። እንደማይበራ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንዴ ተናግሬ፣ "ይደርሳል" ስባል፣ አርፌ ተቀመጥኩ።