የሷ ኪኒንና የኔ አይጦች

ካርቱም የሚመጣ ሐበሻ ወይ ሊሠራ ነው ወይ ሊሻገር። እኔ ልማር መጣሁ ስል የአገሬ ልጆች "ደግሞ ለትምህርት እዚህ ይመጣል እንዴ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ለሚጥል በሽታ አዲስ መድኃኒት ለማግኘት የሚሞክር አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ተማሪ ይፈልግ ነበር፤ ካመለከትኩባቸው ሁሉ እሺ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ የመጣሁት በዚህ ነው፤ የሚያኮራ ታሪክ የለውም።

ሥራዬ ለሚያየው ወጥ መሥራት ይመስላል። አንድ የቆየ፣ የታወቀ መድኃኒት አለ። እኔ የዚያን መድኃኒት ሞለኪውል ዋና አካል ሳልነካ ጫፉ ላይ ያለችውን ቁራጭ እያወጣሁ ሌላ እቀጥልበታለሁ። ፍላስክ ውስጥ ሲማሰል ይውላል፣ ይጣራል፣ ይደርቃል፤ ነጭ ዱቄት ሲጠበቅ ቢጫ ጭቃ ይወጣል፤ እንደገና ይጀመራል። መብራት ሲሄድ ማማሰያው ይቆማል። ካርቱም ውስጥ ደግሞ መብራት ሳይሄድ የሚመሽ ቀን ብርቅ ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ፍላስኩን በእጄ እያወዛወዝኩ ስንቱን እንደረገምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እርግማኑ ባማርኛ ስለሆነ የሚቀየመኝ አልነበረም። የሚሰማኝም አልነበረም። አረብኛዬ ለሰላምታና ለገበያ እንጂ ለወግ አይበቃም፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የረባ ዓረፍተ ነገር ሳልናገር የምውልበት ቀን ብዙ ነው። ካላክላ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ስገባ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "እንዴት ዋልሽ?" እላለሁ ለራሴ። ድምፄ እንዳለ ለማረጋገጥ ነው። ሰው ያበደ ይመስለዋል፤ እኔ ግን አላበድኩም፤ ብቸኛ ነበርኩ።

እሷን ያገኘኋት ካላክላ ገበያ አጠገብ ከሃፍላ ስወርድ ነው። ሃፍላ የምንለው ሚኒባሱን ነው። ሰው ተሰብስቧል፤ መሃል ላይ አንዲት ወጣት ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። ሁለት ሐበሾች ክብሪት እየጫሩ ጭሱን አፍንጫዋ ውስጥ ይሰዳሉ። ሌላው ሁሉ እንዳይጋባበት ራቅ ብሏል።

"አፍንጫዋን ልታቃጥሉት ነው?" ብዬ ገፈተርኳቸው። በጎኗ አስተኛኋት፣ ነጠላዬን ከራሷ ሥር አደረግኩ፣ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ስትነቃ "የት ነኝ?" አላለችም።

"ከመዳሞቹ ያየኝ አለ?" ነው ያለችው።

የወሎ ልጅ ነበረች፤ እኔም የደሴ ነኝ። ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ቪላ ቤት እየተመላለሰች ትሠራለች፤ መዳም የምንለው የቤት አሠሪዋን እመቤት ነው። ከዚያ በፊት እዚያው እያደረች የምትሠራበት ቤት ነበራት፤ ሲጥላት አዩና በዚያው ቀን ልብሷን በፌስታል አድርገው አስወጧት። ሌላ ቤት ገባች፤ እዚያም እንደዚያው ሆነ። ስለዚህ በተመላላሽነት ትሠራለች፤ ብቻዋን መተኛት ስለምትፈራም ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ትዞራለች። እኔ ዘንድ እንድታድር የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ለሷ አዝኜ ብቻ መስሏት ነበር።

"ምንድን ነው ሹግልሽ?" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

"የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው የምሠራው።"

ትክ ብላ አየችኝና "ወላሂ? እንግዲያማ የኔን ደዋ ነው የምትሠሪው፤ ቶሎ በያ እታለም!" አለች።

ላስረዳት ሞከርኩ። እኔ ዱቄቱን እንደምሠራ፣ አይጦች ላይ እንደሚሞከር፣ ሰው አፍ እስኪገባ እኔ ሸብቼ እንደማልቅ። አልሰማችኝም። ማታ ማታ ስገባ "ዛሬስ?" ትለኛለች። "ዛሬም ቢጫ ነው" እላታለሁ። "ኢንሻላህ ነገ ይነጣል።" ረቡዕና ዓርብ እየመረጠች ከመዳም ቤት የተረፈ ሥጋ ታመጣለች፤ ጾም ነው ስላት "ምነው ያንቺ ጾም ሥጋ በመጣ ቁጥር!" ብላ ብቻዋን ትበላዋለች። እንዲህ ያለ ወግ ምን ያህል ርቦኝ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። መዳም ከግቢው ጀርባ ለሠራተኛ የተሠራ ክፍል አላት፤ ደመወዙም በአዳሪ ይሻላል፤ ሌሊት ተነስቶ ሃፍላ መጠበቅም ይቀራል። "እጅሽ ይቁም እንጂ ክፍሉ ያንቺ ነው" ብላታለች መዳም። ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት ብርጭቆ ትጥላለች። መውደቁ ቀንሶላት ነበር፤ ፋርማሲ የመድኃኒቱን ስም ተናግራ የምትገዛት ኪኒን አለቻት፤ እሷን መውሰድ ከጀመረች ወዲህ እንደ ገበያው ቀን ዓይነት አልደገማትም። ግን በምትነቃበት ሰዓት አካባቢ እጇ በራሱ ፈንጠር ይላል፤ የያዘችው ይወድቃል። "ዘንድሮ ብሶብኛል" ትላለች። መዳም ዝርክርክ ናት ብላ ልታሰናብታት ጫፍ ላይ ደርሳለች።

ላቦራቶሪ ደግሞ ደስ ብሎን ነበር። አንደኛው ዱቄቴ ነጥቶ፣ የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ ነበር። በዚያ ፈተና አይጧ ጆሮ ላይ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ይነካል፤ መድኃኒት ያልወሰደችው የኋላ እግሮቿን ገትራ ትደርቃለች። የኔን የወሰዱት አልተገተሩም። ሁለተኛው ፈተና በመርፌ የሚሰጥ፣ አይጦቹን የሚያስፈነጥር ኬሚካል ይፈልጋል፤ ካርቱም ውስጥ ስለማይገኝ ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ መጣ።

የእንስሳቱን ክፍል የሚመራው ሱዳናዊ ባልደረባዬ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው። ልማዳችን እንዲህ ነው፦ እሱ ሁለት ጠርሙስ ያዘጋጃል። አንዱ ውስጥ የኔ መድኃኒት አለ፤ ሌላው ውስጥ ማሟሚያው ብቻ። በቀይና በሰማያዊ ፕላስተር ለይቶ ይሰጠኛል፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይነግረኝም። ተመልካች ካወቀ ዓይኑ ለራሱ ያደላል። ፊቱ እንዳያሳብቅበት እሱም ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። ባጭሩ በሥራ ቀኔ አጠገቤ ያለው ብቸኛ ሰው የሚያየኝም የሚያናግረኝም አልነበረም። ደንቡ ትክክል ነው። አንዳንዴ ግን በደንቡ ምክንያት አልቅሼ አውቃለሁ።

ያን ቀን የሰማያዊዎቹ አይጦች ረጋ ብለው ቆዩ። ቀዮቹ ግን ቶሎ ጀመራቸው፤ የፊት እግሮቻቸው ፈንጠር፣ ፈንጠር ይላሉ፤ ደረቅ ቁርጥራጭ እንቅስቃሴ ነው። ዓይኔ እንዳያደላ የተሠራው ልማድ ልቤን አልያዘውም፤ ሰማያዊዎቹን "የኔ ልጆች" ማለት ጀመርኩ። ስንጨርስ ፈገግ ብዬ ወደሱ ዞርኩ።

"ማዓሌሽ ያ ዶክቶራ" አለኝ። ዶክተር ሳልሆን እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። "ያንቺ ቀዩ ነው።"

ይቅርታ መጠየቁ ነው። የኔ መድኃኒት አላረጋጋቸውም ብቻ አይደለም፤ ከማሟሚያው የባሰ አስፈንጥሯቸዋል። ትልቁን መንዘፍዘፍ የሚያቆም መድኃኒት ይህንን ፈንጠር ማለት ሊቀሰቅስ እንደሚችል መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ማንበብና ማየት ለየቅል ናቸው። ሃፍላ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ ተቀመጥኩ፤ የሚያጽናናኝ ሰው አማረኝ።

ቤት ስገባ "ዛሬስ?" አለችኝ።

"ነጥቶ ነበር፤ ግን አይሆንም።"

ከኔ ይበልጥ አዘነች፤ ምክንያቱም ደዋው የሷ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ስትቀዳ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። የቀኝ እጇ ፈንጠር አለ፤ ብርጭቆው ግድግዳው ሥር ሄዶ ተሰበረ። "አየሽ አይደል? ኸላስ፣ ዛሬ መዳም ዘንድ አለቀልኝ!" ብላ ተቀመጠች። እኔ ግን ደንግጬ ነበር። ይህንን እንቅስቃሴ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳየው ውያለሁ።

"እስኪ ኪኒንሽን አሳዪኝ።"

አሳየችኝ። ከኔ ዱቄት ጋር አንጎል ውስጥ ተመሳሳይ በር የሚዘጋ ነው። መጣሉን ያዝ ያደርጋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚፈነጠሩ ሰዎችን ግን ሊያብስባቸው ይችላል። ሐኪም አይደለሁምና አቁሚ አላልኳት፤ ድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነው። "ሐኪም ዘንድ እንሂድ" አልኳት። ተቆጣች። "ይቺን ወስደውብኝ መንገድ ላይ ልውደቅ?" አለች። ሁለት ቀን ለመንኳት። በመጨረሻ ኩርፊያዋን እንደያዘች አብራኝ ሄደች።

የነርቭ ሐኪሟ ብዙ ጠየቀቻት። ጠዋት ነው ወይ፣ እንቅልፍ ሲያጥርሽ ይብሳል ወይ፣ እናትሽ ቤት ሳለሽም ነበር ወይ። ከዚያ አሮጌውን ቀስ በቀስ እያስቀነሰች አዲስ አስጀመረቻት። ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር የሠራው መድኃኒት ነው። የኔ ዱቄት መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ እኔም ሌላ ቅጥያ ፍለጋ ገባሁ።

እጇ እየቆመ መጣ። መጀመሪያ አላመነችም፤ ብርጭቆ ይዛ ክፍሉን ትዞራለች፤ "አሁን ይወድቃል፣ አሁን ይወድቃል" ትላለች፤ አይወድቅም። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ደስታዬ መሃል ግን አንድ ነገር ቀዝቀዝ ብሎ ገባ፦ እጇ ከቆመ ትሄዳለች።

ሄደችም። በረክሻ፣ በኛ አገር ባጃጅ፣ ሁለት ፌስታል ጭና "ጁምዓ ጁምዓ እመጣለሁ እታለም" ብላ አቀፈችኝ። የመጀመሪያዎቹን ጁምዓዎች መጣች። ከዚያ መዳም እንግዳ በዛባት፤ ከዚያ ልጆቹ ታመሙ፤ ከዚያ መምጣቱ በስልክ ሆነ። አልተቀየምኳትም። እኔም ማታ ስገባ እንደገና ጉሮሮዬን መጥረግ ጀመርኩ።

አንድ ጁምዓ ከሰዓት ደወለች።

"እታለም፣ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ትናንት በሩን ከውስጥ ቆልፌ ተኛሁ።"

በዚህ በሽታ ለሚኖር ሰው በር አይቆለፍም፤ ቢጥለው ገብቶ የሚያነሳው እንዳያጣ። ገና በልጅነቷ እናቷ መቀርቀሪያውን ነቅላው እንደነበር ነገረችኝ። "ቆልፌ፣ ብቻዬን፣ እስከ ጠዋት! ወላሂ እንዴት ደስ ይላል ብቻን መሆን!"

"እሰይ! እሰይ የኔ እህት!" አልኳት።

"አንቺስ? እንዴት ነሽ? ሰው አለሽ?"

"ሞልቶኝ" አልኳት። የለኝም ብላት በመጀመሪያው ሃፍላ ትመጣ ነበር።