በሩ ላይ የወጣው ሐረግ

የኮልካታው ሕንፃችን ዘበኛ በሚያቃጥል ሙቀት እንኳ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ አይፈታም። ስሙን የጠየቀው ሰው የለም። ትርፍ ጊዜውን ሁሉ የሚሰጠው በሩ ላይ ለወጣው ማዱማላቲ ነው። የዚህ ሐረግ አበባ ማምሻውን ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፤ ሲነጋ ሮዝ ይሆናል፤ ቆይቶ ደም ይመስላል። እሱም ለጋውን ቀንበጥ፣ የቆሰለ የሕፃን ጣት እንደሚጠቀልል ሰው ቀስ ብሎ፣ በአሮጌ ጨርቅ ከብረቱ ጋር ያስረዋል።

ባለፈው ሰሞን የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ኒሺካንታ መኪናቸውን አቁመው፣ «ስማ፣ በሩ ቀለም ሊቀባ ነው። ይሄን ጫካ ከነሥሩ ንቀልልኝ» አሉት።

«ጌታዬ፣ አበባው እስኪረግፍ ቢቆይስ?»

«ዘበኛ ነህ ወይስ አትክልተኛ?» ሲሉት በረንዳ ላይ የነበርነው ሁሉ ሳቅን።

ኋላ ግን ከንክኖኝ ወረድኩና «ወንድሜ፣ ሐረግ እኮ ነው፤ ምን አስጨነቀህ?» አልኩት።

«እህቴ፣ አገር ቤት ደጃችን ላይ ነበረን። ሚስቴ ለእንግዳ ቤታችንን ስታመለክት ‹ማዱማላቲ ያለበት› ነበር የምትለው። በኋላ ወንዙ ዳርቻውን እየናደ መጣና ቤቱን ወሰደው።»

«ሚስትህስ?»

ፊቱን ወደ በሩ መለሰና የተፈታ ቀንበጥ ማሰር ጀመረ።

በማግስቱ ሐረጉን ራሱ ቆረጠው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። በሩም ተቀባ። አሁን የሊቀመንበሩ መኪና በመጣ ቁጥር በሩን ከፍቶ ጥጉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሳቸው አክብሮት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከእግሩ ኋላ ያለውን አይቻለሁ፤ ሳይነቅል የተወው ጉቶ ቅጠል አውጥቷል።