«የለም» ብዬ የሞላሁት ቅጽ

ስድስት ኪሎ ማኅበራዊ ሥራ ስማር ለመስክ ልምምድ የተላክሁት እዚያው ያደግሁበት ፒያሳ ነበር። የሰፈሬን ሰው ማንም አያስተምረኝም ብዬ ኮራሁ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንድ ግቢ ሊፈርስ ነበር። የእኔ ሥራ እዚያ የሚኖሩ አንዲት አሮጊትን ሁኔታ አጥንቼ ቅጽ መሙላት ነው። እማማ ባልም ልጅም የላቸውም። ግድግዳ የሚጋሯቸው፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚነግዱ ወሎዬ ሴት ግን ነበሩ። እኚህ ሙስሊም ሴት ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት ለብቻው አስቀምጠው፣ ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ እየሠሩ አብልተዋቸዋል። ገላቸውን ያጥቧቸዋል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ደግፈው ያደርሷቸውና ቅዳሴ እስኪያልቅ ውጭ ይጠብቃሉ።

«ልጄ፣ ምትክ ቤት ሲሰጠኝ እማማን ይዣቸው ነው የምሄድ። እሱን ጻፊልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ቅጹ ግን ባል፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት እያለ ነው የሚጠይቀው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከታች ለአስተያየት የተተወ ሰፊ ቦታም ነበረ። አየሁት። ነገር ግን የአራዳ ልጅ አይደለሁ፣ ረዳት የላቸውም ቢባል ቶሎ እርዳታ ያገኛሉ ብዬ «ቤተሰብ፦ የለም። ብቻቸውን ይኖራሉ» ብዬ ጻፍኩ። ለዘገባው ጥሩ ውጤት ተሰጠኝ።

በሳምንቱ መኪና መጥቶ እማማን ከተማው ዳር ወዳለ የአረጋውያን ማቆያ ወሰዳቸው። ወሎዬዋ ቢሮ ድረስ ሄደው ተከራከሩ። «ምናቸው ነዎት?» ተባሉ። «ጎረቤታቸው» ሲሉ ወረቀቱን አሳዩዋቸው። ብዙም ሳይቆይ እሳቸውም ሌላኛው የከተማው ጫፍ ቤት ደርሷቸው ሄዱ።

የማስተካከያ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ፈተና ደረሰ። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ወር አለፈ። ሰነፍ ነበርኩ፤ ከዚያም በላይ መሳሳቴን በፊርማዬ ማመን አሳፍሮኝ ነበር።

እማማ በሦስተኛው ወር አረፉ። ማቆያው የደወለው ለእኔ ነው፤ ቅጹ ላይ የነበረው ስልክ የእኔ ብቻ ነበር። ስደርስ ተቀብረዋል።

በማግስቱ ወሎዬዋን ፈልጌ አዲሱ ቤታቸው ሄድኩ። መሞታቸውን ነገርኳቸው። ያንን ወረቀት የሞላሁት እኔ መሆኔንም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«ቀበሯቸው?»

«አዎ።»

 ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ማን አለቀሰላቸው?» አሉኝ።

«ማንም» አልኳቸው። ሻሻቸውን አውልቀው ብቻቸውን ለቅሶ ጀመሩ።