ሺህ ቁራጭ ባሕር

እትዬ በእኛ የአሻንጉሊት ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፐዝል ሸጣለች። ፐዝል ያው ተቆራርጦ በካርቶን የሚመጣው፣ ገጣጥመው ሥዕል የሚያደርጉት ነገር ነው። ብዙ ሰው ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ብቻ አይቶ ይገዛል፤ እሷ ይህን ስታይ ቆሽቷ ያርራል። ለትንሽ ልጅ ሰማይ የበዛበት አትሰጥም፤ ሰማዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልጁ ተናዶ ይበትነዋላ። ቁራጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ትሞክረዋለች፤ ከታጠፈ ለልጅ አይሆንም፣ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ለትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቀው የጠረጴዛውን ስፋት ነው። አንድ ኮራ ያለ ጎረምሳ ሁለት ሺህ ቁራጭ አንስቶ ሲመጣ፣ "የኔ ልጅ፣ ይህን ከዘረጋኸው ቤተሰቡ መሬት ላይ ሊበላ ነው" ብላ አምስት መቶ አስይዛ ሸኝታዋለች። ሰው ከሚችለው በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለውን ስጪው፤ እኔን ያስተማረችኝ ይህንን ነው።

ባሏ ጋሼ ልብስ ሰፊ ነበር። አምና ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ሰነፈ፤ ትናንት ያደረገውንም መርሳት ጀመረ። ሐኪሙ ጣቱንም ጭንቅላቱንም የሚያሠራ ነገር ስጡት ሲል፣ ምን እንደምታመጣለት ለእትዬ ማንም መንገር አላስፈለገውም። አምስት መቶ ወሰደችለት፣ አቃተው። ሁለት መቶ ወሰደችለት፣ እሱም አቃተው። ከዚያ በታች ያለው የሕፃናቱ ዳክዬና ድብ ብቻ ነው። እነዚህ ፋብሪካዎች ትልቅ ሰው ይታመማል ብለው የሚያስቡ አይመስለኝም። ዳክዬውን ፊቱ ብታስቀምጥለት ኩራቱ እንደሚሰበር አወቀች፤ ከሕመሙ ወዲህ ደግሞ የቀረው ኩራቱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ አምስት መቶውን መልሳ ዘረጋችለት። ቀን እሷ ሥራ ስትሆን እሱ ይታገላል፤ የማይገጥመውን ከማይገጥመው ጋር እየተጫነ ያስገባል። ጧት እሱ ሳይነሳ እሷ የተሳሳተውን ታቃናና አርባ ሃምሳ ቁራጭ ትጨምርበታለች። ተነስቶ ሲያየው የትናንት ሥራው ይመስለዋል። በሁለት ሳምንት አለቀ። ሱቅ መጥታ "ጋሼ ጨረሰው!" አለችን፤ እኛም የዋሆቹ አጨበጨብን። እውነቱን ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን እትዬ ዕቃ ልትረከብ መጋዘን እንደሄደች ጋሼ ከዘራውን እያንኳኳ ከተፍ አለ።

"አምስት መቶው አልቋል። አሁን ሺሁን ስጪኝ።"

"ጋሼ፣ ትንሽ አይበዛም?"

"ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን በጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር ስሰፋ ነው የኖርኩት። በይ ለእትዬሽ እንዳትነግሪብኝ። ጨርሼ ላስደንግጣት ነው።"

አምስት መቶ ለጨረሰ ሰው ቀጣዩ ሺህ ነው፤ የተማርኩት እንደዚያ ነው። እየሳቅሁ ባሕርና ሰማይ ያለበትን፣ ከሁሉም ከባዱን አወረድኩለት። ምነው እጄን በቆረጠው!

ድሮ በሚሰፋበት ክፍል፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እሷ ከሥራ ስትመለስ በጨርቅ እየሸፈነ ሞከረ። ቀኑ እንዳይጠፋበት በየዕለቱ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራል። እሷ ስለማታውቅ ጧት የሚያቃናለት አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስትገባ ጠራትና ጨርቁን ገለጠው። ሺሁም ቁራጭ እንደተበተነ ነው፤ ሁለት እንኳ አልተያያዙም።

"አምስት መስመር፣ አምስት ቀን ነው" አላት። "ያኛውን አምስት መቶ አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"አብሬህ ነው የሠራሁት።"

"ሠላሳ ስድስት ዓመት ባልሽ ነበርኩ። ደንበኛሽ የሆንኩት መቼ ነው?"

በማግስቱ ዕቃ ክፍል ካርቶን ላይ ተቀምጣ ይህንንም፣ ጧት ጧት ታደርግ የነበረውንም ነገረችኝ። የሸጥኩለት እኔ ነኝ አልኳት። "አንቺ ምኑን አውቀሽ" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ የምትለውን አንዱንም አያምናትም። ሐኪሙ "በጣም ተሽሎሃል" ሲለው እንኳ ወደ እሷ ዞሮ "እንዲህ በል ብለሽው ነው?" ይላታል። ሐኪሙ ግን እውነቱን ነበር፤ ሰውየው በእርግጥ እየተሻለው ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጧት ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች ራሱ ቆለፈ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እትዬ ጮኻ አቀፈችው። እሱ ግን ዝቅ ብሎ አውራ ጣቱን በቁልፎቹ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ማሸት ጀመረ። ያ ጣት ድሮ የአንዲት ክር ልዩነት ያውቅ ነበር፤ አሁን ምንም አይሰማውም።

"ቀዳዳዎቹን ሰፋ አደረግሻቸው አይደል?" አላት።

አልነካሁም ብላ በእናቷ አጽም ማለችለት።  እሱ ሸሚዙን እንድታወልቅለት ሁለት እጁን ዘረጋላት።