ከሞተሩ ሥር ያለው ቤት

ሊፍት ጠጋኙ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ ሙያ ሲኖር፣ ቤቱ ስድስተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ላይ ነበር። ከጣሪያው በላይ ያለው የሕንፃው ሊፍት ሞተር ብቻ ነው። ሊፍቱ በቆመ ቁጥር ጎረቤቱ በሙሉ የእሱን በር ያንኳኳል። "ጋሼ፣ ያው ከእርስዎ በቀር ማን አለን?" ይሉታል። እሱም ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት የዋለውን ቦርሳ ሳያስቀምጥ ወደ ላይ ይወጣል።

ሚስቱ በነበረች ጊዜ በሩን የምትከፍተው እሷ ነበረች። "ራቱን ይጨርስ፤ ሊፍቱ እንደሆነ የትም አይሄድባችሁም" ብላ ትመልሳቸው ነበር። እሷ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል።

ታናሽ እህቱ ጓሮዋ ያለውን ክፍል አጽድታ ትጠብቀዋለች።

"ወንድም ጋሼ፣ ምን ታስባለህ? ደረጃ የለ፣ የሚያንኳኳ የለ።"

"አንቺ አለሽ አይደል?"

"እኔማ እለፈልፋለሁ እንጂ ሞተር አላስጠግንህም።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፍተሻ ቅጽ አወጣና ሁለቱን ቤቶች እንደ ሁለት ሊፍት ይመረምራቸው ጀመር። ፎቅ ቤቱ ውሃ አይጠፋበትም፤ "ደህና" በሚለው ሥር ምልክት አደረገ። ለሥራም ይቀርባል፤ ደህና። የግድግዳውን ቀለም የመረጠችው ሚስቱ ናት፤ ይህን የት እንደሚያስገባው ስላላወቀ ዘለለው። የእህቱ ክፍል ከአልጋና ከወንበር ሌላ አይዝም፤ "ብልሽት" በሚለው ሥር ገባ። ሥራ ለመግባት ሁለት ታክሲ ያስፈልጋል፤ ብልሽት። የእህቱ ባል ሬድዮ ከከፈተ አይዘጋም፤ ብልሽት።

ቢቆጠር ፎቅ ቤቱ በብዙ ይበልጣል። በእሱ ሥራ ግን እንዲያ አይቆጠርም። ፍሬኑ የማይዝ ሊፍት በሩ ቢያምር፣ መብራቱ ቢደምቅ፣ ሰው አይጫንበትም።

ይህን እያሰበ ሳለ ከላይ ሞተሩ ተነሣ። ሳያውቀው ትንፋሹን ያዘ። ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ቆመ። ደግሞ ተነሣ። አምስተኛ። የሊፍቱ በር ሲዘጋ ጊዜ ተነፈሰ።

ለካ እዚህ ቤት ውስጥ አርፎ አያውቅም። ለካ በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ አላዘነላትም፤ ጆሮው ሁልጊዜ ሞተሩ ላይ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው።

"ጋሼ፣ ሊለቁ ነው የሚባለው እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እኛን ለማን ጥለውን?"

"ለሊፍት ጥገና ድርጅቱ። ስልኩ ሊፍቱ ውስጥ ተለጥፏል፤ ቀና ብሎ ያየው የለም እንጂ።"

"እነሱ እኮ ሰው እስኪልኩ ሁለት ቀን ይፈጃሉ!"

"አውቃለሁ። የሚልኩት እኔን ነው። በሥራ ሰዓት እመጣለሁ።"

ሰብሳቢው መሳቁን ይሁን መቆጣቱን ሳይወስን ሄደ። ሊፍት ጠጋኙ ለእህቱ ደወለ።

"ነገ እመጣለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን አታናግሪኝ።"

"ሳምንት ሙሉ? እኔ ልፈነዳ ነው እኮ!"

"እሺ፣ ሦስት ቀን።"

"በሦስት ቀን ምን ልትሠራ?"

"ልተኛ። ከዚያ፣ ከሆነልኝ፣ ላለቅስ።"



"ትራስህን ይዘህ ና" አለችው፤ "የእኛ ይጠጥራል።"