ወንዱና ሴቱ ጎርጠብ

ትናንት አዲስ አበባ ግቢያችን ሲታጨድ፣ ከሳሩ ጋር የተቆረጠ የጎርጠብ ቅጠል ሸተተኝና ልቤ አሶሳ ገባ።

ስምንት ዓመቴ ነው። ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ወላጆቼ ማሳ ውለዋል። ጣቴን ማጭድ ቆርጦኝ እያለቀስኩ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ሐዋ ሮጥኩ። እትዬ ሐዋ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። እኔን ሴቷን ልጅ ሁሌም "አንተ" ነበር የምትለኝ።

"አንተ፣ አታልቅስ። ጎርጠብ አምጣ።"

ከመንገድ ላይ ሰፊ ቅጠል ቆርጬ ሰጠኋት።

"ይሄ ሴቱ ነው" አለች። "ወንዱ ቀጭን ነው፣ ሳር ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል።"

"የትኛው ይሻላል?"

"ሁለቱም ደም ያቆማል። ግን ወንዱን ያጭዱታል። ሴቱን ሰው ይረግጠዋል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ አይሞትም።"

ቅጠሉን ስትቦጭቀው ጅማቱ እንደ ክር ተመዘዘ። በመዳፏ አሽታ ጣቴ ላይ ጫነችው፤ ቀዘቀዘኝ። ባሏን የቀበረች ሰሞን ነበር። እኔ ግን ስለ ቅጠል ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ከታጨደው አንዱን አነሳሁ። ቀጭን ነው፣ ወንዱ። ሰፊውን ብፈልግ ግቢው ውስጥ አጣሁት። እሷም ካረፈች ቆየች። አንቺ የሚለኝ ሞልቷል፣ እርስዎ የሚለኝም አለ፤ አንተ የሚለኝ ግን የለም።